የአንባቢያን ጥያቄ፦ አማቱን የማያናግረው ባለታሪክ

ጥያቄ፦ በንባብ ክበባችን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ስለሆኑት ስለ ላኮታዎች የተጻፈ ልቦለድ ይዘናል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1875 ይጀምራል። ዋናው ገጸ ባሕርይ «ከዋክብት በረገፉበት የብርድ ወራት» ተወለደ ይላል እንጂ ዕድሜው አልተገለጸም። ከሚስቱ እናት ጋር በአንድ ሰፈር እየኖሩ ቃል አይለዋወጡም፤ ግማሾቻችን ዋናው ግጭት ይህ ነው ብለናል። መቼትን፣ ግጭትንና ገጸ ባሕርይን ከሕዝቡ ታሪክ ጋር እንዴት አያይዘን እናንብብ?

መልስ፦ ከአማቲቱ እንጀምር፤ ብዙ አንባቢ የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። በላኮታ ሥርዓት አማች የሚስቱን እናት በቀጥታ አያናግርም፣ ትክ ብሎም አያያትም፤ እሷም እንደዚያው። ይህ አክብሮት ነው። መልእክት ካለ በሌላ ሰው በኩል ያልፋል። ዝምታውን ጠብ ብላችሁ ከያዛችሁት ተከባብረው የሚኖሩትን ሰዎች ባላንጣ አደረጋችኋቸው ማለት ነው። ግጭት የሚመጣው ሥርዓቱ ሲጣስ ነው። አማቹ አንድ ቀን ፊት ለፊት ካናገራት ገጹን ምልክት አድርጉበትና ምን እንዳስገደደው ፈልጉ። በድንኳኑ ውስጥም ማን የት እንደተቀመጠ አስተውሉ፤ በሩ በልማድ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፣ ከበሩ ትይዩ ያለው የውስጥ ቦታ የክብር ነው። ድንኳኑ ደግሞ የሴቲቱ ንብረት ነው፤ ባልና ሚስት ሲለያዩ ማን እንደሚወጣ ከዚህ ይታወቃል።

ዕድሜውን ማስላት ይቻላል። ላኮታዎች ዓመትን ከመጀመሪያው በረዶ እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ በረዶ ይቆጥሩ ነበር። ሽማግሌዎች ተመካክረው ዓመቱ የሚጠራበትን አንድ ክስተት ይመርጣሉ፤ መዝገብ ያዡ በጎሽ ቆዳ፣ በኋላም በአቡጀዲና በወረቀት ላይ አንድ ሥዕል ይስልለታል፤ ዝርዝሩን የሚተርከው በቃሉ ነው። የከዋክብቱ መርገፍ በኅዳር 1833 የታየው የተወርዋሪ ኮከቦች ናዳ ነው። በአብዛኞቹ መዝገቦች ስለሚገኝ የተለያዩ መዝገቦችን ዓመታት ለማስተያየት ያገለግላል። ዓመቱ በሁለት የፈረንጅ ዓመታት ላይ ስለሚያርፍ ባለታሪኩ የተወለደው በ1833 መጨረሻ ወይም በ1834 ነው፤ ሰኔ 1876፣ ላኮታዎችና አጋሮቻቸው የአሜሪካን ጦር ባሸነፉበት በሊትል ቢግሆርን ጦርነት ጊዜ፣ 41 ወይም 42 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ እንደ ጎረምሳ አታንብቡት።

ለክበባችሁ አንድ መልመጃ፦ ልቦለዱ ለሚሸፍነው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሥዕል ብቻ ሳሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁሉም ደም የፈሰሰበትን ሲመርጥ ነው። የዓመቱ መጠሪያ የግድ ትልቁ ክስተት አይደለም፤ ሁሉም ሰው ሲሰማው ዓመቱን የሚያስታውስበት ነው። ከዚያ ሥዕሎቹን ደራሲው ብዙ ገጽ ከሰጣቸው ክስተቶች ጋር አስተያዩ። ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ የትረካው አንጻር የማን እንደሆነ ይገለጣል።

ዋናውን ግጭት ከውል ላይ ፈልጉት። ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመው በ1868ቱ የፎርት ላራሚ ውል ብላክ ሂልስ የተባሉት ተራሮች ለላኮታዎች ተከለሉ፤ በአንቀጽ 12 መሠረት ከአዋቂ ወንዶች ሦስት አራተኛው ካልፈረሙ መሬቱ አይተላለፍም። በ1874 ከስተር የተባለው የአሜሪካ መኮንን የመራው ጦር በተራሮቹ ወርቅ መኖሩን አረጋገጠ፤ በ1877 የአሜሪካ ኮንግረስ ፊርማው ሳይሟላ ተራሮቹን ወሰደ። የእናንተ ልቦለድ የሚጀምረው በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ነው፤ ወርቅ ፈላጊ ለአፍታ ብቅ ሲል እንኳ ትልሙ ወደዚያ እየሄደ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 ካሣ ይገባል ብሎ ሲወስን ሕዝቡ ገንዘቡን አልቀበልም፣ መሬቴን ብሏል።

ጥያቄ፦ በመሃል አያትየዋ የኢክቶሚን ተረት ታወራለች። ኢክቶሚ ጀግና ነው ወይስ ክፉ?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ኢክቶሚ ሸረሪትም ሰውም የሚሆን አታላይ ነው፤ እንደ አለቃ ገብረ ሃና ሁልጊዜ የሚረታ አይደለም፣ በገዛ ተንኮሉ ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ተረትም ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ የባሕርይ ለውጥ አትፈልጉበት። እንዲህ ያለው ተረት በልማድ የሚነገረው በብርድ ወራት፣ በምሽት ነው፤ ደራሲው በሙቀት ወራት፣ በቀትር ካስነገራት ሆን ብሎ ነው ወይስ ስቶ የሚለው መነጋገሪያ ይሁናችሁ። ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ ስታነቡ ደግሞ ከሰዎቹ መካከል የኢክቶሚን ስሕተት የሚደግመው ማን እንደሆነ ተከታተሉ።