አባባ ደረጃ እየወጡ በር ላይ ለምን ይገተራሉ?

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አይሱዙ የነዱ ሰው ናቸው፤ አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አብረውኝ ይኖራሉ። ቀኝ እጃቸው ቁጭ ባሉበት ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆ ሲያነሱ ግን ይተዋቸዋል። እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። የሚገርመኝ፣ ሳሎን በር ላይ ሲደርሱ እንደተተከሉ ይቀራሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ግን ያለማንም ድጋፍ ይወጡታል። ወንድሜ «እልህ ነው፣ ሲፈልጉ ይሄዱ የለ» ይላል። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው ብሎ መድኃኒት ጽፎላቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይሠራም። (ልጃቸው፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ወንድምሽ ይቅር ይበለኝና እልህ አይደለም። የአባትሽ ጡንቻ ደህና ነው። ወደ እግር የሚወርደው ነርቭም ደህና ነው። ችግሩ አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ ባዛል ጋንግሊያ ከሚባሉት የነርቭ ሴል ክምችቶች ዘንድ ነው። የእነሱ ሥራ የትኛው እንቅስቃሴ ይለፍ፣ የትኛው ይቆይ ብሎ መለየት ነው።

አባባ ሾፌር ናቸውና በሙያቸው ላስረዳሽ። የቆመ መኪና የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ ነው አይደል? በጤነኛ ሰውም ከባዛል ጋንግሊያ የሚወጣው መልእክት ፍሬን ነው፤ ልትነሺ ስትይ ለዚያች እንቅስቃሴ ብቻ ይለቀቅና ለሌላው እንደተያዘ ይቆያል። ፍሬኑ በወጉ እንዲለቀቅ ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል ያስፈልጋል። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚያመርቱትን ሴሎች ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል፤ ያኔ ነዳጅ ቢሰጡትም መኪናው አይነሳም። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሴሎቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። ሰው «ድንገት መጣባቸው» ይላል እንጂ ድንገት አይደለም። ወደኋላ መለስ ብለሽ አስቢ፦ ሽታ አለመለየት፣ የሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ ላይ መጮህና መራገጥ ከዓመታት በፊት ጀምሮባቸው ይሆናል።

አሁን ወደ በሩ። ሜዳ ላይ ስንራመድ እግራችንን አናስብም፤ እንዲህ ያለውን ሳናስበው የምናደርገውን ነገር በብዛት የሚያስኬደው ይኸው ባዛል ጋንግሊያ ነው። ደረጃ ላይ ግን እያንዳንዱ እርከን ፊት ለፊት ይታያል፣ «እዚህ ርገጥ» ይላል፤ አንጎልም ዓይን በሚያመጣው ምልክት ተመርቶ በሌላ መንገድ ዞሮ እግርን ያነሳል። ጠባብ በር ይህን ምልክት አይሰጥም፣ ጭራሽ ያስቆማል። ስለዚህ ምልክቱን አንቺ ስጫቸው። ከበሩ ወዲህና ወዲያ ወለሉ ላይ በአንድ እርምጃ ልዩነት ደማቅ ፕላስተር አግድም ለጥፊና «መስመሩን ተሻገሩ» በያቸው። አንዳንዱ ደግሞ በቁጥር ይነሳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት እያልሽ ምት ስጫቸው። እጃቸውን ይዘሽ አትጎትቻቸው ብቻ። ደረታቸው ይቀድምና እግራቸው ባለበት ይቀራል፣ ከዚያ መውደቅ ነው።

መድኃኒቱ ሌቮዶፓ ያለበት ከሆነ (በብዛት የሚታዘዘው እሱ ነው) አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዶፓሚን አልቆባቸው ደንዝዘው የቀሩ ጥንቸሎች ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው መንቀሳቀስ እንደጀመሩ አሳይቶ ነበር፤ በ2000 ኖቤል ተሸለመ። አንዳንድ ቀን የማይሠራው ምናልባት ከምግብ ጋር ስለሚወስዱት ነው። ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር ለመግቢያው ይሻማል። በጾም ሥጋ የለም ብለሽ አትዘናጊ፣ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ናቸው። ሽሮውን አትከልክያቸው፤ ክኒኑ ግን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ወይም ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ሰዓቱንም አታዛቢ። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ክኒኑ አብሯቸው ይሂድ፤ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይገተራል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ለሕይወት ያሰጋል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ማስታወክ ሲመጣ ከፋርማሲ የሚገዛው ፕላሲል ዶፓሚንን ይዘጋል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንደዚያው። ሁለቱም ፓርኪንሰን የሌለበትን ሰው እንኳ ፓርኪንሰን ያስመስሉታል። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልለሽ ለሐኪሙ አሳዪው።

ጥያቄ፦ እኔ 41 ዓመቴ ነው። ቡና ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሳሳርፈው ይቆማል። እናቴም እንዲሁ ነበሩ። ጠላ ቢጤ ስቀምስ ይሻለኛል። ፓርኪንሰን ይሆን? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ የአንቺ ከላይ ካለው በተቃራኒ ነው። የእሳቸው እጅ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፣ የአንቺ ሲሠራ። በቤተሰብ የሚወርድ፣ አልኮል ለጊዜው የሚያስታግሰው መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ ሌላ ችግር ነው፤ ከፓርኪንሰንም በጣም ይበዛል። የእንቅርት ዕጢሽን በደም ምርመራ አስታዪ። ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ብዙዎችን ይረዳል፣ አስም ካለብሽ ግን አይሆንም። ጠላውን መድኃኒት አድርጎ መያዝ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ እጇ ሳታስበው ይወረወራል፣ ጽሑፏ ተበላሽቷል፣ ብርጭቆ ይወድቅባታል። ስትተኛ ይተዋታል። መምህሯ «ቅብጠት ነው» ብለው ቀጧት። ከዚህ በፊት ቶንሲል ታማ ነበር። (እናት፣ ከሰበታ)

መልስ፦ እናቷ፣ ይህን በቀጠሮ አታቆዪው፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ውሰጃት። ሲደናም ኮሪያ የሚባለውን ይመስላል። ቶንሲል የሚያመጣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ሰውነት እሱን ሊዋጋ ያመረተው መከላከያ ተሳስቶ ያንኑ ባዛል ጋንግሊያ ይነካል። የአባባ ፍሬን አልለቀቅ ሲል የልጅሽ አልያዝ ብሏል፤ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ ሁሉ እያመለጠ ይወጣል። ቶንሲሉ ከዳነ ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ጥቂት ነው።

እንቅስቃሴው በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ልቧ ነው። ይኸው ሕመም የልብ በሮችን ያበላሻል፣ ልጅቷ ምንም ሳይሰማት። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዝላት ዘንድ አንቺው ጠይቂ። ሐኪሙ ካረጋገጠ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት ትወጋለች፤ እንቅስቃሴው ጠፋ፣ ልጅቷ ዳነች ተብሎ አይቋረጥም። ለመምህሯም ከሐኪም ወረቀት አጽፈሽ ውሰጂላቸው።