ለድሮ ጌም ያላችሁ ፍቅር ሲቀዘቅዝ

በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሙያ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። ዕቃ ሊያሠሩ የሚመጡ ወጣቶች አንድ ነገር ደጋግመው ያነሱብኛል። «ጋሼ፣ የልጅነት ጌሞቼን ሁሉ ጫንኳቸው። ግን ከፍቼ አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆይም። አርጅቼ ነው መሰለኝ» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ ገና ሠላሳ ያልሞላቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው።

አላረጃችሁም። ጌሙም አልሞተም። ከላይ የሚወርዱ ቅርጾች የሚደረደሩበትን ቴትሪስን እንውሰድ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ላይ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኒንቴንዶ ለራሱ ማሽን ያወጣው ቅጂ ደግሞ የ1989 ነው። ይህንኑ ቅጂ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ በ2023 መጨረሻ ላይ እስከ ደረጃ 157 ተጫውቶት ጌሙ ስታክ አድርጎ ቆመ። ከዚያ በፊት እዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ጌሙ ሲወጣ ልጁ ሊወለድ ገና ከሃያ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

እኔ እንደማየው ችግሩ ብዛቱ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል። ዛሬ አንድ ፍላሽ ላይ በሺህ የሚቆጠር የድሮ ጌም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጠቅላላ ይዘቱ 40 ኪሎባይት ነው፤ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ አንዱን ትከፍታላችሁ፣ ሁለቴ ትሞታላችሁ፣ «እስቲ ሌላ ልየው» ትላላችሁ። ሌላውም ሲከብድ ወደ ሦስተኛው። ምሽቱ ስትመርጡ ያልቃል።

ፕሌይስቴሽን ቤት እንዲህ አልነበረም። ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለውን የኳስ ጌም ለመጫወት ይከፈላል፣ ወረፋ ይጠበቃል፣ የተሸነፈ ይነሳል። አንድ ጎል ለማግባት ሰው ላብ በላብ ይሆናል። ያ ጉጉት ከጌሙ ብቻ አልመጣም፤ ከወረፋውም ጭምር ነው። ወረፋውን መመለስ አይቻልም፤ ምርጫን ማጥበብ ግን ይቻላል። አንድ ጌም ያዙ። ለአንድ ወር ከእሱ ሌላ አትክፈቱ።

የቱን እንደምትመርጡ ግራ ከገባችሁ ማሪዮን ያዙ። መጀመሪያ ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ቀስ ብላችሁ እዩት። ማሪዮ በስተግራ ቆሟል። ፊቱ ወደ ቀኝ ነው፤ ከፊቱ ባዶ ቦታ አለ። ማንም ሳይነግረው ልጅ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ትንሽ እንደሄደ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከታች አንድ ጠላት እየተንገዳገደ ይመጣል። ካልዘለለ ይሞታል። ቢሞትም የጠፋበት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ቀጥሎ ካሉት ሳጥኖች አንዱን ከሥር ሲመታ እንጉዳይ ይወጣል። እንጉዳዩ ወደ ቀኝ ይሄድና ከቱቦው ጋር ተጋጭቶ ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። ልጁ ጠላት መስሎት ሊዘለው ቢሞክር እንኳን ከላይ ያለው ጡብ ጭንቅላቱን ይመታውና እላዩ ላይ ያሳርፈዋል። ወዲያው ማሪዮ ይገዝፋል፤ ልጁም እንጉዳዩ ጥሩ ነገር መሆኑ ይገባዋል። አንድም ቃል አልተጻፈም! ሺገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ ይህን አስበውበት ነው የሠሩት። ቁጠባውንም ተመልከቱ፤ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ነው፣ የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ እጄን በአፌ እጭናለሁ።

ሴቭ ስቴት የሚባለውን፣ ጌሙን በፈለጋችሁበት ቅጽበት አስቀምጦ ከዚያው የሚያስቀጥላችሁን፣ ለጊዜው ተዉት። በየዝላዩ እያስቀመጡ መሄድ ፍርሃቱን ይገድለዋል፤ ደስታውም አብሮ ይሄዳል። ሥራ ውላችሁ የምትገቡ ሰዎች ለመኝታ ስትነሱ አንዴ ብታስቀምጡ ግን አልቃወምም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ብዙዎቻችሁን ያሰለቻችሁ ጌሙ ሳይሆን የተበላሸው ምስል ይመስለኛል። እነዚህ ጌሞች የተሣሉት ጀርባው ትልቅ ለነበረው ቴሌቪዥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሶኒክ የተባለው ጌም ላይ ያለውን ፏፏቴ አስተውሉ። የተሣለው በቀጫጭን መስመሮች ነው። የድሮው ገመድና ስክሪን መስመሮቹን እርስ በርስ ስለሚያዋህዳቸው ከኋላው ያለው ነገር የሚታይበት ውኃ ይመስሉ ነበር። በዛሬው ጥርት ያለ ስክሪን ግን ያው መስመር ሆነው ይቀራሉ። የድሮ ቴሌቪዥን የተረፈው ሰው ካለ እባካችሁ አትጣሉት። ከሌለ ምስሉን ወደ 4:3፣ ማለትም ወደ ድሮው ቴሌቪዥን ቅርጽ፣ መልሱት፤ ተለጥጦ ማሪዮ ወፍራም ሆኖ አይታይ። ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ (ምስሉን ሳያዘገይ የሚያሳየው ማስተካከያ) ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ቁልፉን ተጭናችሁ ማሪዮ የሚዘለው ዘግይቶ ነው፣ እናንተም እጃችሁ የዛለ ይመስላችኋል። አንድ ነገር ልጨምር። የጃፓንና የአሜሪካ ጌሞች በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳዩ ፓል የሚባለው የአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት 50 ነበር። ብዙ ድርጅቶች ፍጥነቱን ሳያስተካክሉ ስለሸጡት የአውሮፓው ቅጂ ወደ 17 በመቶ ይንቀረፈፋል፤ ሙዚቃውም ጭምር። ጌሙ ከተንቀረፈፈባችሁ የያዛችሁት የትኛው ቅጂ እንደሆነ አረጋግጡ።

ከሁሉም በላይ ግን ብቻችሁን አትጫወቱ። እኔ ለዓመታት ጆይስቲክ ሳልነካ ቆይቼ የመለሰችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እንጉዳዩን አይታ ስትሸሽ ዝም ብዬ አየኋት፤ ሲነካት ጮኸች፣ ከዚያ ማሪዮ ሲያድግ ሳቀች። እኔም ተራዬን ስጪኝ አልኳት። ታናሽ ወንድም ወይም የሰፈር ጓደኛ ካላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። መንገዱን ግን አትንገሩት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ካልመጣላችሁ አትታገሉ። ሥራ ሲበዛና እንቅልፍ ሲያንስ ኳስም መጽሐፍም ይሰለቻል፤ መጀመሪያ በደንብ ተኙ። ጌሙን ሁለት ሦስት ወር አሳርፉት። ስትመለሱ ደግሞ በቃላችሁ ከምታውቁት አትጀምሩ። በልጅነታችሁ ሳትጫወቱት ያለፋችሁትን አንዱን ሞክሩ። ከትዝታ ጋር ስለማታወዳድሩት በራሱ ታዩታላችሁ።