ሰልፍ ላይ «ጎበዝ ነኝ» ማስባል ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የ12ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ሞዴል ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎቼ ይርበደበዳሉ፤ የሚያውቁትን ሳይቀር ይስታሉ። ጠዋት ሰልፍ ላይ «ጎበዝ ነኝ፣ አልፋለሁ» እያሉ በጋራ እንዲደጋግሙ ልናደርግ አስበናል። ምን ትላላችሁ?
መምህር፣ ከማራኪ

መልስ፦ ይቅርብዎ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲደጋግሙ ስሜታቸው ጭራሽ ወርዷል። ባለፈው ፈተና ሒሳብ 32 ያመጣ ልጅ «ጎበዝ ነኝ» በል ሲባል ልቡ ወዲያው ይከራከራል፤ መፈክሩ ውድቀቱን ያስታውሰዋል።

የሚሻለው ማስጻፍ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክሎድ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ በአንድ በኩል የተነካ ሰው በሌላ በኩል የሚቆምለትን ነገር ካሰበ ስጋቱ ይቀልለታል። ሰሌዳው ላይ ከ8 እስከ 10 ነገሮች ይጻፉ፦ ቤተሰብ፣ እምነት፣ ጓደኝነት፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት፣ ቀልድ፣ ሰው መርዳት… «ትምህርት» እና «ጉብዝና» ግን አይግቡ፤ የሚያሰጋቸው እሱ ራሱ ነውና። እያንዳንዱ ለእሱ የሚበልጡትን 2 ወይም 3 ይምረጥ፤ ከዚያ ለምን እንደሚወዳቸው 15 ደቂቃ ይጻፍ። የሚጽፈውም በሚቀናው ቋንቋ ይሁን፤ እንግሊዝኛ ካስገደዱት ሌላ ፈተና ሆነበት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን ድርሰት ስለለመዱ «ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት ነው» ብለው ይጀምራሉ። ይህ ስብከት እንጂ የልጁ ጉዳይ አይደለም። «መቼ? ከማን ጋር? ምን ተሰማህ?» ብለው ወደ አንድ ቀን ይመልሱት፤ በጥምቀት ታቦት አጅቦ የዘመረበት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ታናሹን ፊደል ያስቆጠረበትም። ሆሄ አይታረም፣ ማርክ አይሰጥ፣ ጮክ ተብሎም አይነበብ። «ጭንቀት ያጠፋላችኋል» ብለውም አያውጁ፤ ተማሪው ዓላማውን ካወቀና ከተገደደ ጥቅሙ ይቀንሳል። «የዛሬ የጽሑፍ ሥራችን ነው» ማለት ይበቃል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አንዱን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ፣ ሌላውን ከሞዴል ፈተናው ቀደም ብሎ ያድርጉት። ብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከመጓዛቸው በፊት አንድ ይጨምሩ። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ይሰለቻቸዋል።

ተአምር አይጠብቁ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በሞከረ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በ7ኛ ክፍል ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው የውጤት ልዩነት 40 በመቶ ያህል ጠብቧል። በኋላ በሰፊው ሲሞከር ግን ውጤቱ አነስተኛ ሆኗል፤ ምንም ያልታየበትም አለ። ያልተማሩትን ምዕራፍ አይተካም። እንቅልፍ ያጣ ወይም ምግብ የተወ ተማሪ ካለ ወደ አማካሪ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይምሩት እንጂ በወረቀት አይሸኙት።

ባዶ ወረቀት የሚመልስም አይጠፋም። አይጫኑት፤ በሚቀጥለው ዙር ዝርዝሩን ራሱ እንዲያወጣ ይፍቀዱለት።