ለካፌ ሎጎና ሜኑ ዲዛይን ስንት ልበል?

«በሰዓት ነው በጥቅል የማስከፍለው?» ለምትዪው፣ በጥቅል ንገሪው። የካፌው ባለቤት የሚያሳስበው ከኪሱ የሚወጣው ብር ነው። ሰዓቱን የምትቆጥሪው ለራስሽ ነው።

1. የወር ወጪሽን ደምሪ፦ ቤት ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ ሶፍትዌር፣ ግብር፣ አስቤዛ። 40,000 ብር ነው እንበል። በወር የሚከፈልሽ ሥራ 80 ሰዓት ከሆነ (ቀሪው በስልክና በድርድር ያልቃል) ሰዓትሽ 500 ብር ነው።

2. ሎጎው 20 ሰዓት፣ ሜኑው 10 ሰዓት ቢወስድ 15,000 ይመጣል። ለማይቀረው እርማት 20 በመቶ ጨምሪበት፤ 18,000። ከዚህ በታች አትውረጂ፣ ከፍ ማለት ግን ትችያለሽ።

3. በቴሌግራም ቁጥር ብቻ ጽፈሽ አትላኪ። አንድ ገጽ ፕሮፎርማ አዘጋጂ፦ ስንት የሎጎ አማራጭ፣ ስንት ዙር እርማት፣ መቼ እንደምታስረክቢ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና። የሕትመት ዋጋ እንደማይጨምርም ጻፊ፤ ብዙ ሰው ሜኑው ታትሞ የሚመጣለት ይመስለዋል። ግማሹን በቅድሚያ ተቀበዪ።

«ትንሽ ቀንሺልን» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ሥራውን ቀንሺ፦ ሦስት የነበረው አማራጭ አንድ ይሁን። ዝም ብለሽ ዋጋ ከጣልሽ መጀመሪያ የጠራሽው ውሸት ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቀሪው ክፍያ አካውንትሽ ሳይገባ የኢለስትሬተሩን (ዲዛይኑን የሠራሽበትን ሶፍትዌር) ፋይልም ሆነ ለሕትመት የሚሆን ፒዲኤፍ አትላኪ። ፋይሉ ከደረሳቸው በኋላ ስልክ ማንሳት የሚተዉ ደንበኞች ገጥመውኛል። ለማሳያ ስምሽ በላዩ የተጻፈበት ትንሽ ጄፔግ ይበቃቸዋል።