ለደቂቃዎች የጨለመ ዓይን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሐይቅ ነው። እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ሦስት ሳምንት ሆናት፣ ግንባሯን በቀኝ በኩል ያማታል። ሻሽ ማሰር እንኳ አቅቷታል። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን ሰጠናት። ትናንት ደግሞ ቀኝ ዓይኗ ድንገት ጨለመባት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመለሰላት። ሞራ ይሆን? ጎረቤት ስትሮክ ነው ብላ አስደነገጠችን። ዓረፋ ሲያልፍ ደሴ ልንወስዳት ነው።

መልስ፦ ዓረፋን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። ሞራ ቀስ በቀስ ይጋርዳል እንጂ ለደቂቃ አጨልሞ አይመለስም። እኔን ያሰጋኝ ጃይንት ሴል አርተራይቲስ የሚባለው በሽታ ነው። ወደ ራስና ወደ ዓይን ደም የሚወስዱ ቧንቧዎች ግድግዳቸው ይቆጣና ያብጣል፤ ደሙ የሚያልፍበት ይጠባል። ከ50 ዓመት በታች ያለ ሰው ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ሴቶች ላይ ይበዛል።

እስቲ ይጠይቋቸው፦ ቆሎ ሲቆረጥሙ መንጋጋቸው እየዛለ ያቋርጣሉ? ሲያርፉስ ይተዋቸዋል? በእርጅና ይሳበባል እንጂ ትልቅ ምልክት ነው። ከጆሮ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ያለውን የደም ሥርም በቀስታ ይዳስሱት። እንደ ገመድ ጠንክሮ ካመማቸው ለሐኪሙ ይንገሩ። ባይኖርም ግን አይዘናጉ። እኛ ዘንድ ብዙም የማይጠረጠር በሽታ ስለሆነ ስሙን እርስዎ ቢያነሱት ነውር የለውም።

የደም ምርመራዎቹ ኢኤስአርና ሲአርፒ ናቸው፤ ሁለቱም በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን ይጠቁማሉ። ከደም ሥሩ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶም ይታያል። ሐኪሙ አጥብቆ ከጠረጠረ ግን ሕክምናው ውጤት አይጠብቅም፤ ናሙናው መድኃኒት ከተጀመረ ከሳምንት በኋላም በሽታውን ሊያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ከፍ ባለ መጠን የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መቆጣትን የሚያበርድ ኪኒን ነው። ዓይን ከተነካ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የዚሁ ዓይነት መድኃኒት የሆነው ሜቲልፕሬድኒሶሎን በደም ሥር ይሰጣል። የምቻኮለው ጨርሶ የጠፋ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመለስ ነው። ካልታከሙ ሁለተኛው ዓይን በቀናት ውስጥ ሊከተል ይችላል።

ጎረቤትዎም በከንቱ አልሰጉም። በሽታው ጥቂት ሰዎች ላይ ስትሮክ ያመጣል፤ በተለይ በአንገት ወደ ኋለኛው አንጎል የሚሄዱት ቧንቧዎች ሲጠቡ። ድንገት ካዞራቸው፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ፣ ምላሳቸው ከተሳሰረ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያቸው ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ።

ፕሬድኒሶሎንን ከፋርማሲ ገዝተው በራስዎ እንዳይሰጧቸው። ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ተደብቆ የቆየ ቲቢም ይቀሰቅሳል። ከእነዚህ አንዱ ካለባቸው አስቀድመው ይናገሩ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይወስዳል። ራስ ምታቱ በቀናት ውስጥ ሊለቃቸው ይችላል፤ ያኔ «ድኛለሁ» ብለው ኪኒኑን በድንገት እንዳያቆሙ።