አንቲባዮቲክ ላይ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው ምሰራው፣ ዛሬ ማታ ተረኛ ስላልሆንኩ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከአሞክሲሲሊንና ከሲፕሮ ጠንካራው የቱ ነው?

መልስ፦ ይሄን በቀን ስንቴ እንደምጠየቅ! ወንድሜ፣ ሚለያዩት በጥንካሬ ሳይሆን በሚመቱት ቦታ ነው። አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ነው፣ ባክቴሪያው ዙሪያውን ያለውን ግድግዳ እንዳይሰራ ያረገዋል፣ ግድግዳው ሲሳሳ ውሃ ይገባበትና ይፈነዳል፣ የኛ ሴል ደሞ ግድግዳ ስለሌለው አይነካንም፣ ለዛ ነው ለነፍሰ ጡርም ለህፃንም ሚታዘዘው (ፔኒሲሊን አለርጂ ያለባችሁ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ በጣም አደራ)። ሴፍትሪያክሰን መርፌም እንደዛው ግድግዳ ላይ ነው ሚሰራው። ሲፕሮ ግን ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ሚገለብጥበትን ኢንዛይም ይይዛል፣ ለኩላሊት ኢንፌክሽን ምናምን ይታዘዛል። ሳምባ ምች በብዛት ሚያመጣው ኒሞኮከስ ላይ ግን ሲፕሮ ደካማ ነው፣ "ጠንካራውን ስጠኝ" ብሎ ሲፕሮ ሚወስድ ሰው እዛ ላይ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ አዚትሮማይሲን 3 ቀን ብቻ ለምን?

መልስ፦ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቀናት ስለሚቆይ ነው፣ ክኒኑ ቢያልቅም ስራው ይቀጥላል። ባክቴሪያው ፕሮቲን ሚሰራበትን ራይቦዞም ነው ሚዘጋው። ገጠር ለትራኮማ በዘመቻ ሚታደለውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክሲሳይክሊን በወተት ይወሰዳል?

መልስ፦ አይ፣ ካልሲየሙ ይይዘዋል። በብዙ ውሃ ውሰጂው፣ ወዲያው አትተኚ ጉሮሮ ያቆስላል፣ እርጉዝ ከሆንሽ ደሞ ተናገሪ።

ጥያቄ፦ ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ጀምሬያለሁ፣ ጠላ ግብዣ አለብኝ።

መልስ፦ ጠላው ይቅርብህ፣ ከጨረስክም በኋላ ሁለት ሶስት ቀን ቆይ።

ጥያቄ፦ ልጄን ጉንፋን ይዟታል፣ ከወንድሟ የተረፈ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ አለ፣ ልስጣት?

መልስ፦ እህቴ አትስጫት። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ ቫይረስ ሚፈርስ ግድግዳም ሚዘጋ ራይቦዞምም የለውም፣ መድኃኒቱ ሚመታው ነገር አያገኝም፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ጥሩ ባክቴሪያ ነው ሚገለው፣ ሚተርፈው ደሞ መድኃኒቱን የለመደው ነው። አንዴ በውሃ የተበጠበጠ ሽሮፕ ደሞ ከ2 ሳምንት አያልፍም፣ ድፊው። ፈሳሽ በደንብ ስጫት። ትንፋሿ ፈጠን ፈጠን ካለ ወይ ስትተነፍስ የደረቷ ታች ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይዘሻት ሂጂ።