አጎበሩን ከእግሩ ምረጠው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ሥራዬ አንዱን ሳምንት መንዝ ጓሳ አጠገብ፣ ሌላውን ሳምንት ቀወት ቆላ ያሳድረኛል። ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ፒራሚድ ድንኳን ላከችልኝ። መሀሉ ላይ አንድ ምሰሶ ብቻ ነው የሚቆምለት፤ ወለል የለውም። ሲተከል አራቱም ጎኑ 2.60 ሜትር ነው፤ ጫፉ ከመሬት 1.65 ሜትር ይርቃል። ስሸከመው አይከብደኝም፣ ዝናብም አያስገባም፤ ትንኝ ግን ከሥሩ እንደ ልቧ ትገባለች። ሦስት ነገር አስቤአለሁ። አንደኛው እህቴ ለዚሁ ድንኳን የተሠራውን ሙሉ የውስጥ መረብ ገዝታ እንድትልክልኝ ነው፤ ዋጋው ግን የድንኳኑን ግማሽ ያህላል ብላኛለች። ሁለተኛው ቤታችን ያለውን የአልጋ አጎበር ምሰሶው ላይ ማንጠልጠል ነው። ሦስተኛው እዚሁ ማሰፋት። የማድረው ብቻዬን ነው፤ ቁመቴ 1.75 ሜትር ነው። የቱን ይመክሩኛል?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህ ደስ ያሰኘኝ ልኩን ስለጻፍክልኝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሸራ መስፋት ከጀመርኩ 26 ዓመት ሆነኝ። የጭነት መኪና ሸራ፣ የሱቅ ጥላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእድር ድንኳን ሰፍቻለሁ። የእድር ድንኳንም እንዳንተው ወለል የለውም፤ ስለዚህ ነፋስም ተባይም ከየት እንደሚገባ አውቀዋለሁ። ሰው መረብ ሲመርጥ ቀና ብሎ የሚሰቀልበትን ጫፍ ያያል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ነው።

መጀመሪያ የማደሪያህን ነገር እንለይ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የወባ ትንኝ አታገኝህም፤ የምታስቸግርህ ሌላ ናት፣ እሷም ጤዛ ናት። ሌሊት የምትተነፍሰው እርጥበት የድንኳኑ ገጽ ላይ ይቋጠራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ ሆኖ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ፊትህ ላይ ይንጠባጠባል። መረብ ጠብታውን በመጠኑ ይይዝልህ ይሆናል፤ ብርዱን ግን አይመልስም። ስለዚህ ወደ ጓሳ ስትወጣ መረቡን ቤት ተወውና በእሱ ፈንታ አንድ የመንዝ ዝተት ያዝ። በቀወት ቆላ በኩል ያለው ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወባ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ የሚበረታውም ክረምቱ ወጥቶ ውኃው እዚህም እዚያም ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። መረቡን የምናሰፋው ለዚያ ቆላ ነው፤ ለሁለቱም ይሁን ካልን ለአንዱም አይሆንም።

አሁን ስለ አልጋው አጎበር ልንገርህ፤ በእኔ የደረሰ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ መንገድ ቀያሾች የተቀደደ ሸራ እንድጠግንላቸው ወደ ሮቢት ወሰዱኝ። ያደርኩት በባለ አንድ ምሰሶ የአቡጀዲ ድንኳን ነው። አጎበሩ አዲስ ነበር፣ አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት፣ ጫፉን ሰሌኑ ላይ ዙሪያውን ዘረጋሁት፣ ተኛሁ። ሌሊት ነፋስ ከድንኳኑ ሥር ገብቶ ጫፉን ከሰሌኑ ላይ ገለበጠው። ሊነጋጋ ሲል ስነቃ ግራ ክንዴ መረቡ ላይ ተለጥፏል። ፋኖሱን ሳበራ ከራሴ በላይ፣ አጎበሩ ውስጥ፣ ሦስት ትንኞች ጭራቸውን ወደ ላይ ቀስረው ተቀምጠዋል፤ ሆዳቸው ደም ሞልቶት ቀይ መስታወት ይመስል ነበር። ከገቡ በኋላ መውጫ አጥተው ሌሊቱን ሙሉ እኔው ላይ ነበሩ። በ12ኛው ቀን ደብረ ብርሃን ሱቄ ውስጥ መቀስ እንደያዝኩ ብርዱ ያንዘፈዝፈኝ ጀመር።

የአልጋ አጎበር የተሠራው ፍራሽ ሥር እንዲጠቀጠቅ ነው። መሬት ላይ ግን የሚጠቀጠቅበት የለም። በዚያ ላይ ቤታችሁ ያለው አጎበር ለቤተሰቡ በልክ የመጣ ነው፤ የሚታደለው ለሁለት ሰው አንድ እየተባለ ነው። አንተ ይዘኸው ስትሄድ ታናናሾችህ ባዶ አልጋ ላይ ይቀራሉ። ይህን አልመክርህም።

እህትህ የምትልከው ሙሉ መረብስ? ሥራው ጥሩ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ነገር ግን ሙሉው መረብ ምሰሶውን ውስጡ ያስገባል። ብቻህን ለምታድር ሰው መሀል መኝታህ ላይ ግንድ እንደማቆም ነው፤ ጭቃ የነካው ጫማህና የመድኃኒት ሣጥንህም ወይ ከአንተ ጋር ውስጥ ይገባሉ፣ ወይ ጠባቡ ዳር ላይ ይቀራሉ። ላንተ የሚሆንህ ግማሽ መረብ ነው፦ ከምሰሶው ወዲህ ያለውን ግማሽ ብቻ የሚይዝ፣ አንዱ ግድግዳው በምሰሶው አጠገብ ቀጥ ብሎ የሚቆም። ያኛው ግማሽ ባዶ መሬት ሆኖ ይቀርልሃል፤ ገብተህ ጫማህን የምታወልቀው፣ ዕቃህን የምታስቀምጠው እዚያ ነው። ወለል የሌለው ድንኳን ትልቁ ጥቅሙም ይሄው ነው፤ መሬቱን ሁሉ በወለል መሸፈን ያንን ጥቅም መተው ነው።

ስለዚህ አሰፋው እልሃለሁ። ልኩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ ተሳስቻለሁ። ልብ ብለህ ተከተለኝ። ድንኳንህ መሬቱ ላይ 2.60 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ግን ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስትል በየጎኑ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰርቅሃል፤ የቀረህ 2.13 ሜትር ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። ፍራሽህ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በጀርባህ ስትተኛ የእግርህ ጣቶች የሚቆሙት እዚያ ከፍታ ላይ ነው።

አሁን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደህ “የድንኳኑን ቅርጽ ተከትለህ ትንሽ አሳንሰህ ስፋልኝ” ብትለው ወለሉን 2.20 ሜትር ያደርግልሃል። ሲያዩት ሰፊ ነው። ግድግዳው ግን ከድንኳኑ ጋር አብሮ ስለሚያዘነብል ጣቶችህ ባሉበት ከፍታ ላይ የሚተርፈው 1.73 ሜትር ብቻ ነው። አንተ 1.75 ነህ። ሌሊቱን ሙሉ ወይ አናትህ ወይ ጣትህ መረቡን ይነካል ማለት ነው፤ ትንኝ ደግሞ መረቡ ላይ ቆማ በቀዳዳው አሻግራ ትነክሳለች። በእሱ ፈንታ ወለሉን 1.95 ሜትር ብቻ አድርግና፣ በራስጌና በግርጌ ያለው ግድግዳ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጫፉ ይዘንብል። ጣትህ ያለበት ከፍታ ላይም 1.95 ይሆንልሃል፤ በየጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ትርፍ አለህ፣ እርጥቡ ድንኳንም ከመረቡ 9 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ያጠረው ወለል ረጅሙን ሰው ቻለ። ይህን ሳገኝ ጠመኔዬን አስቀምጬ ደግሜ ለክቻለሁ።

ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃሃል፤ ከምሰሶው 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የመረቡ ከፍታ 1.20 ሜትር ይሁን፣ ጫፉ ላይ ግማሽ ሜትር ገመድ ይሰፋበትና ከድንኳኑ ጫፍ ላይ ይታሰር። በአራቱ ማዕዘን የካስማ ማሰሪያ ቀለበት አድርግበት፤ ቀለበቱን መረቡ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አሰፋው፣ መረብ ሲጎተት ይተለተላል።

ወለሉ ውኃ የማያስገባ ሸራ ይሁን፣ ዙሪያውን እንደ ገበታ ጠርዝ ከፍ ይበል። ለቆላ 10 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የሌሊቱን ነፋስ ይከለክልሃል፣ በሮቢት ሙቀት ደግሞ ነፋስ ማለት እንቅልፍ ነው። መረቡና ሸራው የሚገናኙበትን ስፌት ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ በሁለት መስመር ይስፋልህ። አስረክብ ብለህ ስትቀበለው ገልብጠው፣ ስፌቱን በጣትህ ዙሪያውን ዳስሰው፤ ጣትህ የተሰናከለበት ቦታ ላይ ብርሃን አሳልፈህ እይ።

የመረቡን ጨርቅ በዓይን አትመን። ማስመሪያ ይዘህ ሂድና በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀዳዳዎቹን ቁጠር። በአንድ አቅጣጫ ቢያንስ 5 ካገኘህ የወባ ትንኝን ይመልሳል፤ መደበኛው አጎበርም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ከቆላው ወደ ደጋው ስትወጣ ገደልና ዋሻ አጠገብ፣ ሽኮኮ በሚበዛበት ቦታ የምታድር ከሆነ ከዚያ በጣም የጠበቀውን ምረጥ። ቁንጭር የሚባለውን የፊት ቁስል የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ በአጎበር ቀዳዳ ታልፋለች፤ በሽታው ደግሞ ከሽኮኮ ነው ወደ ሰው የሚመጣው። ለሙሽራ ቬሎ የሚሆነውን መረብ ግን ተወው፤ ሲሳብ ቀዳዳው ይሰፋል፣ እሾህ ከነካው አለቀለት። ጥቁር ቀለም ካገኘህ ውሰድ፤ ከውስጥ ሆነህ ወደ ውጭ አጥርቶ ያሳይሃል፣ እንስሶቹን ለምትጠብቅ ላንተ ይጠቅምሃል።

ዚፑ ቁጥር 5 ይሁን። ቀጭኑ የቀወትን አቧራ አይችልም። ሲያስቸግርህ ሻማ እሸው።

መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ካገኘህ ይሻላል፤ የምታርፍበትን ትንኝ ይገድላታልና። ካላገኘህ ግን ስፌቱ ጥብቅ ከሆነ አትስጋ። የተነከረውን ስታጥብ በተራ ሳሙና፣ ከወንዝ ርቀህ እጠብ፣ መድኃኒቱ ዓሣ ይፈጃል። ስታሰጣም ጥላ ላይ ይሁን።

ሌላ አንድ ነገር፦ የእኛ አገር የወባ ትንኝ ሰው እስኪተኛ አትጠብቅም። ፀሐይ እንደጠለቀች፣ አንተ ገና እሳት ዳር እያለህ ትጀምራለች። እጅጌህን አውርድ፣ መረቡ ውስጥ ቶሎ ግባ፣ ዚፑን ከዘጋህ በኋላ ባትሪ አብርተህ አራቱን ማዕዘን ፈትሽ። ከቆላ ከተመለስክ በኋላ ትኩሳት ቢነካህ፣ አንድ ሳምንትም ይሁን ሦስት ሳምንት ይለፍ፣ በዚያው ቀን ሄደህ ተመርመር። እኔ ጉንፋን ነው ብዬ አራት ቀን ቆየሁ፤ በአምስተኛው ቀን ጎረቤቶቼ ተሸክመው ነው ያደረሱኝ። አንተ እንዲህ እንዳታደርግ እለምንሃለሁ።

ጥያቄ፦ ዙሪያው በመረብ በተዘጋ፣ ወለል ባለው ድንኳን ተኝቼ ሌሊቱን ሙሉ ቁንጫ ፈጀኝ። መረቡን ልቀይር ወይ?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ እህቴ፣ መረቡን አትንኪው። ቁንጫው አብሮሽ ነው የገባው፤ ወይ በዝተቱ፣ ወይ ኮርቻው ሥር በሚደረገው ጨርቅ። የበቅሎዋን ዕቃ ትራስ አድርገሽ ከሆነ ነገሩ ታወቀ ማለት ነው። ጨርቁን በፈላ ውኃ ዘፍዝፊው፣ ዝተቱ ሙቅ ውኃ ስለማይወድ ፀሐይ ላይ ደጋግመሽ አራግፊው፤ ድንኳኑን ደግሞ ገልብጠሽ የወለሉን ማዕዘኖች በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ከብት ያደረበት አሮጌ በረት ላይም አትትከዪ፤ ገና ከሽፋኑ ያልወጣው ቁንጫ አቧራው ውስጥ ለወራት ተኝቶ ይቆይና ሰው ሲረግጠውና ሙቀት ሲሰማው ይነሳል። ኮርቻውን ከድንኳኑ ውጭ፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ ስቀዪው።